የአገዳ በሬና የሽቦ ኤንትሬ፦ አዋቂ ሆኖ መጫወቻ መሥራትና መሰብሰብ

ሥራዬ ቢሮ ነው። ቀኑን ሙሉ ከወረቀትና ከኮምፒውተር ጋር እውላለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ የሚጠብቀኝ ግን ፒንሳ፣ ጥቁር ሽቦ፣ ያረጀ ሲሊፐርና የማሽላ አገዳ ነው። መጫወቻ እሠራለሁ። ሌላ ሰው የሠራውንም እሰበስባለሁ። ይህን የሚያውቁ የደሴ ወዳጆቼ ደጋግመው “እኔም ልጀምር ብል ከየት ልነሳ?” ይሉኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ነው።

መልሴ አጭር ነው። ከሱቅ አትነሱ። ያደጋችሁበት ሰፈር ልጆች ሲሠሩት ከነበረው ነገር ተነሱ። የፋብሪካ መጫወቻ በብዙ ሺህ ተባዝቶ የወጣ ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው የሆነ ቦታ ይገኛል። ሐርቡ ላይ አንድ ልጅ በሽቦ የሠራት ኤንትሬ (የድሮ የፊያት ጭነት መኪና) ግን አንድ ናት። ዝናብ ያገኛታል፣ ትዝጋለች፣ ቤት ሲጸዳ ትጣላለች፣ በቃ። ልጁም አድጎ ሹፌር ወይ ነጋዴ ይሆናል። እንዴት አድርጎ እንደሠራት የሚጠይቀው ሰው የለም። ለዚህ ነው እኔ ዕቃውን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም የምሰበስበው። አሠራሩን ለማወቅ ደግሞ ቁጭ ብሎ በገዛ እጅ ከመሥራት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

“ትልቅ ሰው በመጫወቻ?” የሚለው ነገር ቀድሞ ይመጣል። ይምጣ፣ ምንም አይደል። እናቴ አገዳ ስልጥ አይታኝ “ልጄ፣ ደህና ነህ?” ብላኛለች። አንድ ቀን ግን ቡና ተፈልቶ ጎረቤታችን እትዬ መጡ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የአገዳ በሬ አንስተው “ማሻአላህ! ይሄንን እኮ ከብት ስንጠብቅ ነበር የምንሠራው” አሉ። “እስቲ ያንን አገዳ አቀብለኝ” ብለው ልጣጩን በጥርሳቸው ቀስቅሰው ሳቡት። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሳይደርስ መነጽር ሠርተው ዓይናቸው ላይ አደረጉ። እናቴም “የእኛ አገር እንዲህ አይደለም፣ አፍንጫው ላይ ያለው በሁለት ነው የሚሰካው” ብላ ሌላ ጀመረች። ሁለት ትልልቅ ሴቶች በአገዳ መነጽር ሲከራከሩ እኔ ደብተሬን አውጥቼ እጽፍ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ ዘመድ ጥየቃ ስትሄድ አገዳ ይዛልኝ ትመጣለች።

ስለዚህ ከአገዳ ጀምሩ። ገንዘብ አይጠይቅም። ከትንሽ ቢላና ከአንድ ወፍራም መርፌ በቀር መሣሪያ አይጠይቅም። ቢበላሽም ላም ትበላዋለች። ለወሎ ሰው ደግሞ ማሽላ ሩቅ አይደለም። ቃሉ፣ ባቲ፣ ሀብሩ፣ ቆቦ ሁሉም የማሽላ አገር ናቸው። ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራው ሲሰበሰብ አገዳው ለከብትና ለማገዶ ይከመራል። ገበሬውን አንድ እቅፍ ብትጠይቁት አይነፍጋችሁም።

አመራረጡ ላይ ጊዜ ስጡ። ውፍረቱ የአውራ ጣት ያህል ይሁን። ከአንጓ እስከ አንጓ ያለው ርቀት ረዘም ያለና ቀጥ ያለ ይሁን። ጥንቅሽ አትውሰዱ። ጥንቅሽ ስኳሩ ብዙ ስለሆነ ጉንዳን ይጠራል፣ ሳይደርቅም ይሻግታል። አገዳውን አዙራችሁ እዩት። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካለው አገዳ ቆርቁር ገብቶበታል ማለት ነው። ውስጡ ተበልቶ ዱቄት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጤነኛውን ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሁለት ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ቶሎ ይደርቃል፣ ግን ይሰነጠቃል።

ሲደርቅ በየአንጓው ቁረጡት። ልጣጩን በቢላ ጫፍ ከአንድ በኩል ቀስቅሳችሁ በቀስታ ሳቡት። ስትስቡ ጣታችሁ በልጣጩ ጠርዝ ላይ እንዳይንሸራተት ተጠንቀቁ፣ እንደ ምላጭ ነው የሚቆርጠው። ውስጡ ነጭ፣ ቀላል፣ ለስላሳ ነው። አካል የሚሆነው እሱ ነው። ልጣጩ ደግሞ ሚስማር ይሆናል፣ እግር ይሆናል፣ ቀንድ ይሆናል። ሁለቱም ከአንድ አገዳ ይወጣሉ፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ይህ አሠራር እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

ልጣጩን ከመሰካታችሁ በፊት ቦታውን በመርፌ ብሱት፣ ያለዚያ ነጩ ክፍል ይሰነጠቃል። ቀንድ ለመሥራት ቀጭን ልጣጭ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በጣት እያሻችሁ ቀስ በቀስ አጉብጡት። በክር አስራችሁ ስታደርቁት የጎበጠበት ይቀራል። ኮላ አልጠቀምም። ልጆቹ በኮላ አይሠሩትም፣ ስለዚህ እኔም የምሰበስበውና የምሠራው ያለ ኮላ ነው።

አንድ በሬ ከሠራችሁ በኋላ ጥማድ ሥሩ። ከዚያ ቀንበሩን ጨምሩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር በምራን ይታሰራል። ድግሩ ግራና ቀኝ ይቆማል። እርፉ ከኋላ ነው፣ ማረሻው ከፊት። ማነቆው በበሬው አንገት ዙሪያ ይገባል። ይህን ሁሉ በጣት ቁመት ለመሥራት የእውነተኛውን ማረሻ እያንዳንዱን ክፍል ማወቅ ግድ ነው። እኔ የከተማ ቢሮ ውስጥ የምውል ሰው ስሆን ስለ እርሻ ዕቃ ከመጽሐፍ ካነበብኩት ይልቅ ከዚህች ትንሽ ጥማድ ብዙ ተምሬያለሁ። ልጆች ደግሞ ይህን ሳያጠኑት ያውቁታል። አባታቸው ሲያርስ እያዩ ነው ያደጉት።

ሽቦ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል፣ ደስታውም ያንኑ ያህል ይጨምራል።

እኔ ያደግሁት ሐርቡ ነው፣ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር። አሰብ ወደባችን በነበረበት ዘመን ከባድ መኪና በሚሌ፣ በባቲና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ መሀል አገር በእኛ ደጅ ያልፍ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መኪና ሳያይ በድምፁ ብቻ ይለይ ነበር። ኤንትሬ የሚባለው ፊያት 682 ኤን 3 ነው። አፍንጫ የለውም፣ ፊቱ ጠፍጣፋ ነው። ከእሱ የሚቀድመው ትሬንታ ኳትሮ ደግሞ ረጅም ኮፈን ነበረው። የሽቦ መኪና ስንሠራ ይህን ልዩነት ያልጠበቀ ልጅ አይከበርም ነበር። ዛሬም ቢሆን ልጆቹ እንደዚያው ናቸው። ባለፈው ለአንድ ልጅ ፎቶ ሳሳየው “ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኤፍ ኤስ አር ነው፣ ካቢናውን አያዩትም?” አለኝ። ልክ ነበር።

ለመጀመሪያ የሽቦ ሥራ የሚያስፈልጋችሁን ልንገራችሁ። አንድ ጥሩ ፒንሳ ግዙ፣ ሽቦ የሚቆርጥ ጥርስ ያለው። ቀጭን አፍ ያለው ሁለተኛ ፒንሳ ቢኖር ይመረጣል። ከሕንጻ መሣሪያ ሱቅ ፌሮ የሚታሰርበትን ጥቁር ሽቦ በኪሎ ግዙ። ለስላሳ ነው፣ እጅ ላይ ይታዘዛል፣ ዋጋውም አይከብድም። ችግሩ መዛጉ ነው። ለሻንሲው፣ ማለትም ለመኪናው የሥር አጽም፣ ወፈር ያለ፣ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነና ዝገት የማይዘው የአጥር ሽቦ ፈልጉ። የጎማ አክሲል የሚሆነው ደግሞ ከብስክሌት ጎማ ውስጥ የሚወጣው ሽቦ ነው። ቀጥ ያለና ጠንካራ ነው፣ አይጎብጥም። ብስክሌት የሚጠግኑ ልጆች ጋ የተሰበረውን በነፃ ታገኛላችሁ።

ጥቁር ሽቦ ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ ጠመዝማዛ ነው። በእጅ ለማቃናት አትድከሙ። አንዱን ጫፍ በር ላይ ወይ ዛፍ ላይ እሰሩ። ሌላውን በፒንሳ ይዛችሁ በሰውነታችሁ ክብደት ወደ ኋላ ሳቡ። ሽቦው ትንሽ ሲሳብ ይሰማችኋል። ከዚያ ስትለቁት ቀጥ ብሎ፣ ከበፊቱ ጠንክሮ ይገኛል። ዓይናችሁን ከሚወረወር ጫፍ ጠብቁ፣ መነጽር ያለው መነጽር ያድርግ። ሽቦ ስትቆርጡም ጫፉን በሌላው እጅ ያዙት።

ሁልጊዜ ከሻንሲ ጀምሩ። ሁለት ረጃጅም ሽቦ ጎን ለጎን ዘርጉና በየስንዝሩ በአጭር ሽቦ አገናኟቸው። ግንኙነቱ ላይ አጭሩን ሽቦ ሁለት ዙር ጠምጥማችሁ በፒንሳ ጨብጡት። አንድ ዙር ከሆነ ይንሸራተታል። ካቢናው ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ስፖንዳው (የጭነት መጫኛው ግድግዳ) ከካቢናው ቀጥሎ። ካቢና ያስቀደመ ልጅ መጨረሻ ላይ መኪናው ይንጋደድበታል።

ጎማ የሚሠራበት መንገድ እንደ ሰፈሩ ይለያያል። ቆርኪ አለ፣ የጣሳ ክዳን አለ፣ ሽቦውን ብቻ ክብ አድርጎ መሥራትም አለ። እኔ የምወደው ካረጀ ሲሊፐር የሚቆረጠውን ነው። የሳልሳ ጣሳ ጠርዙን በሞረድ ስላችሁ ሲሊፐሩ ላይ አስቀምጡና በመዶሻ ምቱት። ክብ ሆኖ ይወጣል። ለአነስተኛ ጎማ ደግሞ የትልቁን የባትሪ ድንጋይ ዙሪያ በእስክሪብቶ ለክታችሁ በሹል ቢላ ቁረጡት፣ ስፋቱ 34 ሚሊ ሜትር ያህል ይመጣል። መሀሉን በጋለ ሚስማር ብሱት። ቀዳዳው ውስጥ የእስክሪብቶ ቀፎ ቁራጭ ብትከቱ ጎማው አክሲሉ ላይ ሳይንገዳገድ ይሽከረከራል። ሲሊፐር በሚስማር ሲበሳ የሚወጣው ጢስ መጥፎ ነው፣ ደጅ ወጥታችሁ ሥሩት።

ከዚያ መሪው አለ። የወሎ ልጅ የሽቦ መኪና አይጎትትም፣ ይነዳል። ከፊት አክሲሉ የሚነሳ ረጅም ሽቦ እስከ ደረት ይመጣና ጫፉ ላይ ክብ መሪ ይሠራበታል። መሪው ሲዞር የፊት ጎማው እንዲዞር አክሲሉ ከሻንሲው ጋር በአንድ ነጥብ ብቻ መያያዝ አለበት። ሽቦውን በቀለበት ውስጥ አሳልፉትና ከላይም ከታችም ጨብጡት። ቀለበቱ ከጠበበ መሪው ይከብዳል፣ ከሰፋ መኪናው ይዋልላል። እዚህ ጋ ደጋግማችሁ መሞከር አለባችሁ፣ አቋራጭ የለውም።

ተሳቢ ያላት ኤንትሬ ልሠራ ስነሳ ፎቶ ብቻ አልበቃኝም። ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር አሉ፣ የአባቴ ወዳጅ። ሻይ ይዘን ተቀመጥንና ግማሽ የደረሰውን ሻንሲ ፊታቸው አደረግሁት። “አባባ፣ ተሳቢው እንዴት ነበር የሚዞረው?” ስላቸው ስኒያቸውን አስቀመጡና በሁለት እጃቸው አሳዩኝ። “የተሳቢው የፊት ጎማ ከመጎተቻው ጋር አብሮ ነው የሚዞር። ካልዞረማ ሐረጎን እንዴት ትወጣዋለህ? መኪናው ይታጠፋል፣ ተሳቢው ወደ ገደል ይሄዳል” አሉ። ሐረጎ ማለት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ነው። ሄጄ የተሳቢውን የፊት አክሲል እንደ መኪናው መሪ በአንድ ነጥብ ብቻ አያያዝኩት፣ መጎተቻውንም ከእሱ ጋር አሰርኩ። ወለሉ ላይ ስነዳት ተሳቢው የመኪናውን ፈለግ ይዞ ዞረ። አባባ ተንበርክከው እያዩ “አብሽር፣ አሁን ደርሳለች” አሉ። የዚያን ቀን የነገሩኝን ሁሉ ጽፌዋለሁ፤ ሸራ አስተሳሰሩን፣ ባሌስትራ ሲሰበር መንገድ ላይ በምን እንደሚጠግኑት፣ የባቲ በረሃ ሙቀት ጎማ ላይ የሚያደርገውን። አንድ የሽቦ መኪና ባላነሳ ኖሮ ይህን ወሬ ማን ያወራኝ ነበር?

መጠን ለመጠበቅ የምትፈልጉ ደግሞ ከባጃጅ ተለማመዱ። ባጃጅ በየደጁ አለች፣ ባለቤቷን ጠይቃችሁ በሜትር ትለኳታላችሁ። ርዝመቷ 2 ሜትር ከ63 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ30፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ70 ነው። አሥር ጊዜ አሳንሱት። 26 ሴንቲ ርዝመት፣ 13 ወርድ፣ 17 ቁመት ታገኛላችሁ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ወረቀት ላይ ሣጥን አድርጋችሁ ሣሉና ሽቦውን ወረቀቱ ላይ እያስተኛችሁ እጠፉ። የላይኛው ሸራ ከተቀደደ ጃንጥላ ጨርቅ ይወጣል፣ ውፍረቱም ልክ ነው።

ጭቃና ጨርቅ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ምክንያቱም ከእኔ የተሻለ የሚያውቁት ብዙ ናቸው። የጭቃ በሬና ላም ለመሥራት የምትፈልጉ ሸክላ ከሚሠሩ እናቶች ተማሩ። በአክብሮት ሂዱ፣ ጊዜያቸውንም ክፈሉ። ሁለት ነገር ግን ልበል። ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ገል የሚጨመረው እሳት ሲያገኘው እንዳይሰነጠቅ ነው። ወፍራም አካል ያለው በሬ ደግሞ ውስጡ በደንብ ሳይደርቅ ኩበት እሳት ውስጥ ከገባ ይፈነዳል፣ ውስጡ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ይገፋዋል። ሆዱን ከሥር ቦርቡሩት፣ ጥላ ሥርም ቀስ ብሎ ይድረቅ።

የጨርቅ አሻንጉሊት ከልብስ ስፌት ቤት ቁርጥራጭ ይሠራል። ወጉን የምትወዱ ፀጉሯን ሹርባ ሥሯት፣ ከሸማኔ የተረፈ ጥለት ለቀሚሷ ጠርዝ አድርጉላት። ለባቲና ለቃሉ ወንድ አሻንጉሊት ሽርጥ ያምርበታል። አንዳንድ ሰው ቤቱ ዓይንና አፍ ያለው ምስል ባይኖር ይመርጣል። ጎረቤታችን ሼህ ለልጅ ልጃቸው ሲጠይቁኝ ፊቷን ባዶ ትቼ ሻሽ አሰርኩላት፣ እሳቸውም ልጅቷም ደስ አላቸው። ለሌላ ሰው ስትሠሩ ቀድማችሁ ጠይቁ።

የፋብሪካ መጫወቻ አትሰብስቡ አላልኩም። እኔም ትንንሽ የብረት መኪናዎች አሉኝ። ከቁራሌው፣ ከሰልባጅ ገበያ፣ ከውጭ ከሚመጡ ዘመዶች አገኛቸዋለሁ። መጀመሪያ የማደርገው ገልብጬ ሆዳቸውን ማየት ነው። የድርጅቱ ስም፣ የተሠራበት አገር፣ አንዳንዴም ስኬሉ እዚያ ተጽፏል። 1፡64 ካለ እውነተኛው መኪና 64 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። “ማችቦክስ” የሚባሉትን እ.ኤ.አ. በ1953 የጀመረው የእንግሊዙ ሌዝኒ ነው። ከሠሪዎቹ አንዱ ጃክ ኦዴል ለልጁ የክብሪት ሣጥን ውስጥ የምትገባ መጫወቻ ሠርቶላት ነው ስሙ የመጣው። የአሜሪካው ማቴል “ሆት ዊልስ”ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ሆት ዊልስ ሆድ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ቅርጹ የተመዘገበበት እንጂ መኪናዋ የተመረተችበት አይደለም። ሻጩ “አሮጌ ናት” ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ይህን አስታውሱ።

አሮጌ የብረት መኪና ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ካያችሁ፣ ጠርዙም ከተፈረፈረ፣ ቅይጡ ራሱ እየፈረሰ ነው። በዚንኩ ውስጥ የገባ ትንሽ እርሳስ የሚያመጣው ነገር ነው፣ መድኃኒት የለውም። ለብቻው አስቀምጡት፣ አትጫኑት፣ ከእርጥበትም አርቁት። የአሮጌ መጫወቻ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። አሜሪካ እንኳ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ስለዚህ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ ከነኩም በኋላ እጅ ይታጠብ፣ ሕፃን አፍ ውስጥም እንዳይገባ። በሠራችሁት የሽቦ መኪናም ላይ ሕግ አውጡ። ጫፉ ያልታጠፈ ሽቦ ለልጅ አይሰጥም። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ደግሞ ተነቃይ ጎማ ያለው ነገር በፍጹም።

አሁን ወደ ልቤ ወደሚቀርበው ልምጣ፣ ከልጆች መግዛት። መንገድ ዳር አንድ ልጅ የሚያምር የሽቦ ቅጥቅጥ ሲነዳ ብታዩ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ የጭነት ክምር ሳይቀር ያለው፣ ብር አውጥታችሁ ከእጁ አትውሰዱ። ብሩን አይቶ ይሰጣችኋል። ማታ ግን መጫወቻ የለውም። “እንደዚህች ያለች ሌላ ትሠራልኛለህ?” በሉት። ዋጋውን ከእሱም ከወላጁም ጋር ተነጋገሩ። ሽቦውን እናንተ አምጡለት። እኔ ከሁለተኛው ሥራ በኋላ ፒንሳ እሰጣለሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሽቦ የሚቆርጡት በድንጋይና በጥርስ ነው። ሲሠራ አጠገቡ ተቀመጡ። የሚያወራውን ስሙት። ከየት እንደሚጀምር፣ የትኛውን ክፍል ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ማን እንዳስተማረው ጻፉ።

እያንዳንዱ ዕቃ ወረቀት ይኑረው። ሠሪው ስሙ እንዲጻፍ ከፈቀደ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቦታው፣ ወሩና ዓመቱ፣ ከምን እንደተሠራ። ፎቶ ስታነሱ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጉ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር አንሱት። ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ብቻ አታኑሩት። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ሲደርስ ከደሴ ስንወጣ ካርቶኖቼ ሁሉ ቤት ቀሩ። ስንመለስ ቤቱ ተከፍቶ ነበር፣ ብዙው ዕቃ ጠፍቷል፣ ደብተሩም የለም። የተረፈኝ አዲስ አበባ ላለች እህቴ በየጊዜው የላክሁላት ፎቶ ነው። ከዚያ ላይ እያየሁ አንዳንዶቹን እንደገና ሠርቻለሁ፣ ሠሪዎቹንም ፈልጌ አግኝቻለሁ። ሰው ብዙ ከባድ ነገር ባየበት ጊዜ ለሽቦ መኪና ማዘን የማይገባ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን አዝኛለሁ። እነዚያ ልጆች የሠሩት ነገር ነበር።

አቀማመጡ ቀላል ነው። ለሽቦ ጠላቱ እርጥበት ነው፣ ደሴ ደግሞ ክረምቷ ረጅም ነው። ጥቁሩን ሽቦ በዘይት በታሸ ጨርቅ ጥረጉት። ወይ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ቀቡት፣ ልጅ የሠራውን ግን ዘይት ብቻ። ፕላስቲክና ጎማ ከፀሐይና ከሙቀት ይራቁ፣ ያለዚያ ይጣበቃሉ፣ ቀለማቸውም ይለቃል። ለአገዳ ጠላቱ ነቀዝ ነው። በደንብ የደረቀውን የአገዳ ሥራ በላስቲክ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ። ሙቀቱ ከቤቱ እኩል እስኪሆን አንድ ቀን ይቆይ፣ ካልሆነ ላብ ይይዘዋል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቆይታውን እንደገና ከመጀመሪያው ቁጠሩ።

አዲስ አበባ የምትሄዱ 6 ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም እዩት። ዕቃው የተደረደረው በሰው ልጅ ዕድሜ ቅደም ተከተል ስለሆነ ልጅነትና የልጆች ጨዋታ የራሱ ቦታ አለው። እኔ እዚያ የወሰድኩት ትልቁ ትምህርት አደራደሩ ነው። ዕቃውን ብቻ አላስቀመጡትም፣ ከሕይወቱ ጋር አስቀመጡት። ቤት ስመለስ መደርደሪያዬን በዕቃው ዓይነት ሳይሆን በሥራው ወቅት ከፋፈልኩት። የአዝመራ ወቅት አገዳ፣ የነሐሴ የቡሄ ጅራፍ፣ የገና ጨዋታ በትርና ሩር (በበትሩ የምትመታው ኳስ)፣ ዓመቱን ሙሉ የማይጠፋው ሽቦ።

የገናው መደርደሪያ ገና አልሞላም። አሁን የምሰበስበው የሩር አሠራር ነው። ላስታ፣ ዋድላ፣ ደላንታ፣ አምባሰል፣ የትም ሁኑ፣ ገና የተጫወቱ አባት አጠገባችሁ ካሉ ተቀመጡና ጠይቋቸው። ከየትኛው እንጨት ነበር? ሥሩ ነው ወይስ ግንዱ? መቼ ተቆርጦ፣ በምን ተጠርቦ፣ ምን ተቀብቶ? ቆዳ ይለብስ ነበር? በትሩስ በእሳት ነው የሚጎብጠው ወይስ ሲያድግ ጎብጦ የተገኘ ነው የሚመረጠው? የሚሉትን በራሳቸው አነጋገር ጻፉት። ከቻሉም አንድ እንዲጠርቡ ለምኗቸው፣ እናንተም ቢላ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ።